ኒውተን እና የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር

ሰር አይዛክ ኒውተን ስማቸው ሲነሳ በአብዛኛው የሚታወሱት በስበት ሕግና በብርሃን ላይ ባካሄዷቸው ምርምሮች ነው። ይሁን እንጂ እኚህ ታላቅ ሳይንቲስት ከ23 ዓመታት በላይ የአንድ የሙያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው መሥራታቸው፣ በዚህም ኃላፊነት መልካም ተግባርና ከባድ ስህተት ጎን ለጎን ትተው ማለፋቸው እምብዛም አይወሳም።

ኒውተን በእንግሊዝ ሊንከንሻየር በተባለው አውራጃ፣ ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር፣ በአገሪቱ የያኔ አቆጣጠር በ1642 በገና ዕለት ተወለዱ። አባታቸው ልጃቸውን ሳያዩ በመሞታቸው፣ እናታቸውም ሌላ ትዳር በመመሥረታቸው የልጅነት ጊዜያቸውን በአያታቸው እጅ አሳለፉ። በ1661 ወደ ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብተው በ1669 ገና በ26 ዓመታቸው የሒሳብ ፕሮፌሰር ለመሆን በቁ።

ሮያል ሶሳይቲ በመባል የሚታወቀው የለንደን የሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1660 ሲሆን፣ ኒውተን በአባልነት የተመረጡት በመስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሠርተው ካቀረቡ በኋላ በ1672 ነው። በዚያው ዓመት ስለ ብርሃንና ቀለማት የጻፉት ጥናት በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። የማኅበሩ የሙከራ ሥራዎች ኃላፊ ሮበርት ሁክ ጥናቱን በመንቀፋቸው ኒውተን ክፉኛ ቅር ተሰኙ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከአባልነት ለመሰናበት ጠየቁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ የአባልነት መዋጮው እንዲቀርላቸው ሐሳብ በማቅረብ ሊያግባቧቸው ሞከሩ፤ ኒውተንም በአባልነታቸው ቀጠሉ።

በ1687 ፕሪንኪፒያ የተሰኘው ዝነኛ መጽሐፋቸው ለኅትመት ሲበቃም ማኅበሩ ገንዘቡን ስለ ዓሣ የተጻፈ መጽሐፍ በማሳተም ጨርሶ ስለነበር የኅትመቱን ወጪ የሸፈኑት ኤድመንድ ሃሌይ ከግል ኪሳቸው ነበር።

ኒውተን በ1696 የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ኃላፊ ሆነው ወደ ለንደን ተዛወሩ። ሁክ በሞቱበት በ1703 ኅዳር ወር ደግሞ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይገኙ ፖለቲከኞች ሲሆኑ፣ የአባላት መዋጮ በወቅቱ ባለመሰብሰቡም የማኅበሩ አቅም ተዳክሞ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት አብዛኞቹን ስብሰባዎች ራሳቸው መሩ፤ ውዝፍ መዋጮ እንዲሰበሰብ አደረጉ፤ በፍራንሲስ ሆክስቢ አማካይነትም ሙከራዎች በስብሰባ ላይ በተግባር እንዲታዩ አስቻሉ። በ1710 ማኅበሩ ክሬን ኮርት በተባለ ሥፍራ የራሱ ቤት ባለቤት ሆነ። አባላቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በየዓመቱ መረጧቸው።

በሌላ በኩል ኒውተን ሥልጣናቸውን ለግል ክርክር ከመጠቀም አልተቆጠቡም። የቤተ መንግሥቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጆን ፍላምስቲድ ለዓመታት የደከሙበት የከዋክብት ምልከታ በ1712 ያለ ፈቃዳቸው ታተመ። በዚሁ ዓመት ካልኩለስ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ ማን ቀድሞ ፈለሰፈ በሚለው ጉዳይ ከጀርመናዊው ጎትፍሪድ ላይብኒትዝ ጋር የነበረውን ውዝግብ እንዲመረምር ማኅበሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በአመዛኙ የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች የተሰባሰቡበት ነበር፤ የማኅበሩ አባል የነበሩት ላይብኒትዝም መልስ እንዲሰጡ አልተጠየቁም። ለኒውተን የፈረደውን ሪፖርት ያረቀቁት ራሳቸው ኒውተን መሆናቸው ኋላ በእጅ ጽሑፋቸው ተረጋግጧል። የታሪክ ምሁራን ዛሬ የሚስማሙት ሁለቱም ዘርፉን በየፊናቸው እንደደረሱበት፣ ኒውተን በሥራ፣ ላይብኒትዝ ደግሞ በኅትመት እንደቀደሙ ነው።

ኒውተን በመጋቢት 1727 በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው በዌስትሚኒስተር አቢይ ተቀበሩ። ማኅበሩ ማስረጃ የሌለውን ነገር ከማንም አንደበት ያለመቀበል መርሕ ገና ከጅምሩ ያነገበ ነበር። ኒውተን በሥርዓትና በትጋት ይህን ማኅበር አጠናክረዋል፤ በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ዳኛ በሆኑ ጊዜ ግን መርሑ በመሪው ላይ ሳይሠራ ቀርቷል። የሕይወት ታሪካቸው ብርቱ መሪ ተቋምን እንደሚያቆም፣ መሪውም ከተቋሙ ደንብ በላይ ሊሆን እንደማይገባ ያስገነዝባል።