የባለውለታቸውን ዘመዶች አስረው የራሳቸውን ወገን የሾሙት የኦምዱርማኑ ኸሊፋ

ከኻርቱም ነጭ ዓባይን ተሻግሮ ኦምዱርማን የሚገባ እንግዳ፣ ከማህዲው መቃብር አጠገብ አንድ ሰፊ ግቢ ያገኛል። በኋላ ሙዚየም የሆነው ይህ ግቢ ሱዳንን ለ13 ዓመታት የገዙት የኸሊፋ አብዱላሂ መኖሪያ ነበር።

ኢትዮጵያውያን እኚህን ሰው የሚያስታውሷቸው በጦርነት ነው። በአውሮፓውያኑ 1888 ጎንደርን ያቃጠለው፣ በ1889 ደግሞ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት የመተማ ጦርነት የተዋጋው የደርቡሽ ጦር የእርሳቸው ነበር። በሱዳን ግን ስማቸው ሌላ ጥያቄም ያስነሳል። መሪ ለሥጋ ዘመዶቹና ለባለውለታው ቤተሰብ በሚያደርገው ሊመዘን ይገባዋልን?

ከዳርፉር ወደ ዓባይ ዳር

አብዱላሂ የተወለዱት በዳርፉር፣ ከብት አርቢ ከሆነው የታዓይሻ ጎሳ ነው። ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ አባታቸው መንገድ ላይ ዐረፉ። እርሳቸው ግን ጉዟቸውን ቀጥለው፣ በ1881 ራሳቸውን ማህዲ ብለው ካወጁት ከሙሐመድ አሕመድ ጋር ተገናኙ። ማህዲው ከሾሟቸው ሦስት ኸሊፋዎች መካከልም ቀዳሚው ሆኑ።

የማህዲው ጦር ጥር 1885 ኻርቱምን ያዘ። አምስት ወር ሳይሞላ ግን ማህዲው ታመው ሞቱ፤ ሥልጣኑም ለአብዱላሂ ተላለፈ።

አሽራፍ የሚባሉት የማህዲው ዘመዶች ይህን በቀላሉ አልተቀበሉትም። መሪያቸው ሙሐመድ ሸሪፍ የማህዲው ዘመድና አማች፣ እንዲሁም ሦስተኛው ኸሊፋ ነበሩ።

ዘመድን ማቅረብ፣ ዘመድን መግፋት

ኸሊፋው በ1886 የሸሪፍን ጦር መሣሪያ አስፈቱ። በአሽራፍ እጅ የነበሩ ሹመቶችም ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ወገኖች አለፉ። ወንድማቸው ያቁብ ቀኝ እጃቸው ሆኑ፤ ልጃቸው ኡስማን ደግሞ የክብር ዘቡን መሩ።

ከ1888 ጀምሮ ታዓይሻዎች ከዳርፉር ወደ ኦምዱርማን እንዲፈልሱ ተደረገ። ብዙዎቹ የመጡት ወደው አልነበረም። ዘመኑም ክፉ ረሃብ የወረደበት ነበር። እህል በቅድሚያ ለኸሊፋው ወገኖች ሲሰጥ የከተማው ነዋሪ ቂም ያዘ።

ኅዳር 1891 አሽራፍ በማህዲው መቃብር ዙሪያ መሣሪያ አንሥተው ተሰባሰቡ። ኸሊፋው ከውጊያ ይልቅ ድርድርን መረጡ፤ ምሕረት እንደሚያደርጉም ቃል ገቡ። ዓመፀኞቹ መሣሪያቸውን ካስረከቡ በኋላ ግን ሰባት ታላላቅ ሰዎች ተይዘው ወደ ፋሾዳ ተላኩ፤ በዚያም ተገደሉ። ሙሐመድ ሸሪፍም በተከታዩ ዓመት ታሰሩ።

የታሪክ ፍርድ

በዘመኑ የጻፉ አውሮፓውያን እስረኞችና መኮንኖች ኸሊፋውን ጨካኝ አምባገነን አድርገው ሥለዋቸዋል። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ፒተር ሆልት ግን በ1958 ባሳተሙት ጥናት የማህዲውን መንግሥት ሰነዶች መርምረው ሚዛናዊ ምስል አቀረቡ። አብዱላሂ በዓባይ ዳር ሰዎች መካከል ባዕድ ነበሩ። የሚያምኑት ሰው ሲያጡ ወደ ወገናቸው ዞሩ።

ይህ ማብራሪያ የተሰበረውን ቃል ግን አይሸፍንም። ኸሊፋው ወገናቸውን መውደዳቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ዋጋውን ሌላው እንዲከፍል ማድረጋቸው ነው፤ በረሃብ ዘመን እህል የተነፈገው ነዋሪና ምሕረትን አምኖ መሣሪያውን ያስረከበው ሰው ከፍለውታል።

ዘመዶቻቸው ግን እስከ መጨረሻው አልከዷቸውም። መስከረም 1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በከረሪ ሲያሸንፋቸው ያቁብ በጥቁሩ ሰንደቅ ሥር ወደቁ። ኸሊፋው ወደ ኮርዶፋን ሸሹ። ኅዳር 24 ቀን 1899 በዑም ዲወይካራት ሽንፈት መቅረቡን ሲያዩ በበግ ለምድ ላይ ተቀምጠው፣ የጦር አለቆቻቸው በዙሪያቸው እንዳሉ ሞትን ጠበቁ።

በእርሳቸው ዘመን የተገፋው የማህዲው ቤተሰብ ግን ተመልሶ አንሠራራ። ማህዲው ከሞቱ በኋላ የተወለዱት ልጃቸው አብዱልራህማን የኡማ ፓርቲ ደጋፊና መሪ ሆኑ፤ የአብዱልራህማን የልጅ ልጅ ሳዲቅ አልማህዲ ደግሞ ሁለት ጊዜ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ።