ቮልፍ ሌስላውና የጉራጊኛ መዝገበ ቃላት አዘገጃጀት

በእምድብርና በአካባቢው የሚነገረውን ቸሃ ካጠኑት ምሁራን መካከል ቮልፍ ሌስላው (1906–2006 እ.ኤ.አ.) ይገኙበታል። ፖላንድ ተወልደው፣ ፓሪስ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ ተምረው፣ በጦርነቱ ዘመን ከፈረንሳይ እስር ወጥተው አሜሪካ ገቡ፤ በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የጉራጊኛ ጽሑፎችን በ1950 ቢያሳትሙም፣ ባለሦስት ቅጹ መዝገበ ቃላታቸው የወጣው በ1979 ነው። በ1964 ደግሞ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉትን ልቦለድ በእንግሊዝኛ ተርጉመዋል።

የመዝገበ ቃላቱ አደረጃጀት ለእኛ ለጥናት ጽሑፍ አዘጋጆች ይጠቅማል እላለሁ። አንደኛው ቅጽ አሥራ ሁለት የንግግር ዓይነቶችን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ማውጫ ነው፤ የቃላት ምንጭ ትንታኔ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። እኛ ብዙ ጊዜ መረጃንና ትርጓሜን በአንድ አንቀጽ እንደባልቃለን፤ አራሚው አንዱን ሲሰርዝ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። በሌስላው ምንጭ ትንታኔ የማይስማማ አንባቢ ግን የቸሃውን ቃል በአንደኛው ቅጽ እንደተመዘገበ ያገኘዋል።