የፒቡን ሶንግክራም ሕይወትና የ1957ቱ ምርጫ

በባንኮክ ከተማ መካከል፣ ራጃዳምኖን በተባለው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ የዴሞክራሲ ሐውልት በመባል የሚታወቅ ግንባታ አለ። አራት ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 24 ሜትር ይረዝማሉ፤ በመካከላቸው ባለው ከፍ ያለ ዙፋን መሰል ሥፍራ ላይ የሕገ መንግሥት ምስል ተቀምጧል፤ ዙሪያውንም 75 መድፎች ተተክለዋል። የክንፎቹ ቁመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 1932 ዓ.ም. የዘውዱ ፍጹም አገዛዝ ያከተመበትን ዕለት፣ የመድፎቹ ቁጥር ደግሞ በዚያ አገር የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር 2475 የተባለውን ያንኑ ዓመት ያስታውሳል። ሐውልቱ በ1940 ሲመረቅ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፒቡን ሶንግክራም ነው። ሕገ መንግሥት በመድፍ ተከብቦ መቀመጡ የእርሱን የፖለቲካ ሕይወት በአጭሩ የሚገልጥ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒቡን ጁላይ 14 ቀን 1897 ከባንኮክ አጠገብ በምትገኘው በኖንታቡሪ ተወለደ። ወላጆቹ ዱሪያን የተባለውን ፍሬ በማልማት የሚተዳደሩ አትክልተኞች ነበሩ። ሲወለድ የወጣለት ስም ፕሌክ ሲሆን፣ ትርጉሙ እንግዳ፣ ያልተለመደ ማለት ነው። ጆሮዎቹ ከዓይኖቹ ዝቅ ብለው በመፈጠራቸው ይህ ስም እንደ ተሰጠው ይነገራል። ፒቡን ሶንግክራም የሚለው መጠሪያ በ1928 ከንጉሡ የተሰጠው የማዕረግ ስም ነው። በልጅነቱ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ገብቶ በመድፈኝነት ሠለጠነ፤ በ1924ም ትምህርቱን እንዲያሻሽል ወደ ፈረንሳይ ተላከ።

በፓሪስ ሕይወቱን የለወጠውን ሰው አገኘ። ይህም በዚያ ሕግ ያጠና የነበረው ፕሪዲ ፓኖምዮንግ ነው። በፌብሩዋሪ 1927 ሰባት የሲያም ወጣቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ በኋላ የሕዝብ ፓርቲ የተባለውን ማኅበር በምስጢር መሠረቱ። ዓላማቸው ንጉሡን ከሕግ በታች ማድረግ ነበር። የሕጉ ሰውና መድፈኛው ያን ጊዜ አንድ ልብ ነበሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዱ ሌላውን ከአገር እስከ ማሳደድ የሚደርሱ ባላንጣዎች ሆኑ።

ጁን 24 ቀን 1932 ማለዳ፣ በኮሎኔል ፕያ ፓሆን የሚመሩ መኮንኖች ከሲቪል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህ ነው የሚባል ደም ሳያፈሱ ሥልጣን ያዙ። ንጉሥ ፕራጃዲፖክም በሕገ መንግሥት ለመገዛት ተስማሙ። ነገር ግን የአዲሱ ሥርዓት መሠረት ከጅምሩ ስንጥቅ ነበረበት። በዲሴምበር 1932 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከምክር ቤቱ አባላት እኩሌታውን ሕዝቡ እንዲመርጥ፣ እኩሌታው ግን በሹመት እንዲገባ ደነገገ። ይህ ሕዝቡ ትምህርት እስኪያገኝ ድረስ፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ብቻ የሚቆይ ጊዜያዊ ደንብ ተብሎ ነበር። ፒቡን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ በ1940 ጊዜው ወደ 20 ዓመት እንዲራዘም ተደረገ። ጊዜያዊ የተባለው ነገር የሥርዓቱ ምሰሶ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ፒቡንን ከመካከለኛ መኮንንነት ወደ ላይ ያወጣው የ1933 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱን የዘጋው ጠቅላይ ሚኒስትር በጁን ወር በጦሩ ሲወገድ፣ ፒቡን ከፓሆን ጎን ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በኦክቶበር ወርም ልዑል ቦዎራዴት የዘውዱን ሥልጣን ለመመለስ ጦር ይዘው ወደ ዋና ከተማው ሲገሠግሡ፣ የመንግሥቱን ጦር መርቶ አመፁን ደመሰሰ። በ1934 የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1935 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በ1935ና በ1938 ጥይት ተተኩሶበት፣ በ1938 ዳግመኛ በምግቡ መርዝ ተጨምሮበት ከሞት አመለጠ። በዲሴምበር 1938 ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሲረከብ ጠላቶቹን አልማረም፤ በልዩ ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው መካከል 18 ሰዎች ተረሸኑ።

ከዚያ በኋላ አገሩን በአዋጅ ለመቅረጽ ተነሣ። በጁን 1939 የሲያም ስም ታይላንድ ተብሎ ተለወጠ። እስከ 1942 ድረስ በወጡ 12 ድንጋጌዎች ሕዝቡ ስለ ቋንቋው፣ ስለ አለባበሱና ስለ ዕለት ኑሮው ሳይቀር መመሪያ ተሰጠው፤ ባርኔጣ ማድረግ የሥልጣኔ ምልክት፣ የቡያ ቅጠል ማኘክ ግን ነውር ተባለ። ፈረንሳይ በጀርመን በተሸነፈች ጊዜ ፒቡን በኢንዶቺና ጦርነት ከፍቶ በጃፓን ሽምግልና መሬት አገኘ፤ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግም በ1941 ተሰጠው። ይሁን እንጂ የጃፓን ወዳጅነት ዋጋ ነበረው። ዲሴምበር 8 ቀን 1941 የጃፓን ጦር ታይላንድ ሲገባ፣ ፒቡን ከጥቂት ሰዓታት ውጊያ በኋላ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ በጃኑዋሪ 1942ም በብሪታንያና በአሜሪካ ላይ ጦርነት አወጀ። በዋሽንግተን የነበረው የታይላንድ መልእክተኛ ሴኒ ፕራሞት የጦርነቱን አዋጅ ለአሜሪካ መንግሥት ለማስረከብ እምቢ አለ። በአገር ውስጥም የዙፋን እንደራሴ ከነበሩት አንዱ ፕሪዲ የነጻ ታይ ንቅናቄን በምስጢር መራ።

በጁላይ 1944 ፒቡን ዋና ከተማውን ከባንኮክ በስተሰሜን ወደሚገኘው ወባማ የፔቻቡን ምድር ለማዛወር ያቀረበውን ረቂቅ ሕግ ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገበት። ጦሩ በእጁ ሳለ፣ በድምፅ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በጦር ወንጀለኝነት ታሰረ፤ ነገር ግን በ1946 ፍርድ ቤቱ ወንጀሉን የሚደነግገው ሕግ ከድርጊቱ በኋላ የወጣ በመሆኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራ አይችልም ብሎ በነጻ ለቀቀው። ሕግን እምብዛም ያላከበረው ሰው በሕግ ተጠበቀ። በምክር ቤት ድምፅ የወደቀ ሰው በገዛ አገሩ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር መኖር እንደሚችል የዚያ ዘመን ታሪኩ ይመሰክራል።

ፒቡን ግን ከዚህ ትምህርት የወሰደ አይመስልም። በጁን 1946 ወጣቱ ንጉሥ አናንዳ ማሂዶን በጥይት ተመተው ሞተው በተገኙ ጊዜ፣ ወሬው በፕሪዲ ላይ አነጣጠረ። ኖቬምበር 8 ቀን 1947 መኮንኖች ሥልጣን ያዙ፤ ፕሪዲ ሸሸ። በጃኑዋሪ 1948 በተደረገው ምርጫ የዴሞክራት ፓርቲ አሸነፈ፤ መሪው ኩዋንግ አፓይዎንግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሦስት ወር ሳይሞላው የጦር መኮንኖች ቤቱ ድረስ ሄደው እንዲለቅ አዘዙት። በኤፕሪል 1948 ወንበሩን የወረሰው ፒቡን ነበር። ሕዝብ የመረጠውን መንግሥት በመኮንኖች ትእዛዝ ማንሣት እንደሚቻል የታየበት ይህ አጋጣሚ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በራሱ ላይ ተመለሰ።

የሁለተኛው ዘመን ሥልጣኑ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። አሁን ጦሩን የሚያዙት ሌሎች ናቸው። ጁን 29 ቀን 1951 አሜሪካኖች ማንሃታን የተባለውን የወንዝ መጥረጊያ መርከብ በሚያስረክቡበት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ የባሕር ኃይል መኮንኖች ፒቡንን ማርከው በአንድ የጦር መርከብ ውስጥ አገቱት። የራሱ መንግሥት አውሮፕላኖች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያለበትን መርከብ ደበደቡ፤ እርሱም ወደ ወንዙ ዘሎ እየዋኘ ነፍሱን አዳነ። አመፁ ከሸፈ። ነገር ግን ደጋፊዎቹ የተባሉት ጄኔራሎች ለሕይወቱ ምን ያህል እንደሚሳሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ቀን ጦሩ በራዲዮ አዋጅ የ1949ኙን ሕገ መንግሥት ሽሮ የ1932ቱን መለሰ፤ ሹመኞችም እንደ ገና የምክር ቤቱን እኩሌታ ያዙ።

ከዚህ በኋላ ኃይሉ በሁለት ሰዎች እጅ ተከፈለ። ፓኦ ሲያኖን በአሜሪካ እርዳታ ፖሊሱን ታንክና አውሮፕላን ያለው ሁለተኛ ጦር አደረገው። ሳሪት ታናራት ደግሞ የምድር ጦሩን በእጁ አስገባ። ፒቡን አንዱን በሌላው እየመዘነ መካከል ላይ ቆመ። በውጭ ከምዕራባውያን ጋር ተሰለፈ፤ በ1950 ወደ ኮሪያ ጦር ላከ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፏል። በአገር ውስጥ ግን የራሱ የሆነ ኃይል አልነበረውም። ጦር የሌለው ፊልድ ማርሻል የቀረው አንድ መጠጊያ ሕዝቡ ነበር።

በ1955 አሜሪካንና አውሮፓን ጎብኝቶ ሲመለስ ይህን መጠጊያ ለመሥራት ተነሣ። ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ለጥያቄያቸው መልስ መስጠት ጀመረ፤ በለንደን ሃይድ ፓርክ አምሳል ሰው ሁሉ በሳናም ሉዋንግ ሜዳ ቆሞ የፈለገውን እንዲናገር ፈቀደ፤ የፖለቲካ ፓርቲዎችም በሕግ ተፈቀዱ። እርሱ ራሱ የሴሪ ማናንግካሲላ ፓርቲ መሪ፣ ፓኦም ዋና ጸሐፊው ሆነ። ሕዝቡ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ነጻ አየር ተነፈሰ፤ ያገኘውንም ነጻነት መንግሥቱን ለመውቀስ ተጠቀመበት።

ምርጫው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1957 ተደረገ። በዚያ ቀን በባንኮክ የታየው ነገር በታይላንድ ታሪክ እጅግ የቆሸሸ ምርጫ የሚል ስም አተረፈ። አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው የሐሰት ወረቀቶች በሣጥኖቹ ውስጥ ተጨመሩ፤ ሕዝቡ የእሳት ወረቀት ብሎ ጠራቸው። ከጣቢያ ጣቢያ በመኪና እየተጫኑ ደጋግመው ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ፣ ከሰማይ ዱብ እንዳሉ ሁሉ፣ ፓራሹተኞች ተባሉ። የዋና ከተማው ቆጠራ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻም የፒቡን ፓርቲ ከ160 የምርጫ ወንበሮች ከእኩሌታ ጥቂት የሚበልጡትን ማግኘቱ ተነገረ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ የምክር ቤቱን አብላጫ ለመያዝ ይህ ሁሉ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ከተመራጮቹ ሌላ ከ120 በላይ የሚሆኑ ሹመኞች በምክር ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ፒቡን ከምርጫው የፈለገው ወንበር ሳይሆን፣ ጄኔራሎቹ ሊሰጡት የማይችሉትን አንድ ነገር፣ ማለትም የሕዝብን አመኔታ ነው። ሣጥኑ በሐሰት ወረቀት ሲሞላ የጠፋውም ይኸው አመኔታ ብቻ ነው።

ማርች 2 ቀን የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ጸጥታውን እንዲያስከብር ሳሪትን ሾመ። በማካዋን ድልድይ ላይ ወታደሮች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ ሳሪት ግን ተማሪዎቹ እንዲያልፉ አዘዘ፤ ምርጫውም ንጹሕ እንዳልነበረ አመነ። የመንግሥቱ አባል የሆነው ጄኔራል በአንድ ቀን የሕዝብ ጠበቃ መስሎ ታየ። ፒቡን ሰልፈኞቹን ፊት ለፊት ቢያነጋግርም፣ የሚሰማው ጆሮ አላገኘም።

በዚያ ዓመት በሰሜን ምሥራቅ ድርቅ ገብቶ የመንግሥቱ ቸልተኝነት ተጨማሪ ቁጣ አስነሣ። በኦገስት ሳሪት ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ፤ ቀጥሎም መንግሥቱ እንዲወርድ ጠየቀ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1957 ሌሊት ታንኮች ወጡ። ፒቡን በመኪና ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ወደ ካምቦዲያ ተሻገረ፤ ፓኦ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም እንዲሉ፣ በ1948 ኩዋንግን ያስነሣው የጦር ኃይል ፒቡንንም ከወንበሩ አነሣው፤ በዚህ ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ግን ራሱ ያዘጋጀው ምክንያት ነበር።

በምርጫው የተቆጡ ብዙ ሰዎች በዚያ ሌሊት ደስ አላቸው። ደስታው አልዘለቀም። በዲሴምበር 1957 አዲስ ምርጫ ተደረገ፤ በኦክቶበር 1958 ግን ሳሪት ሕገ መንግሥቱን፣ ምክር ቤቱንና ፓርቲዎችን በአንድነት ሻረ። በ1963 እስኪሞት ድረስ ያለ ምርጫ ገዛ። የታይላንድ ሕዝብ ለጠቅላላ ምርጫ እንደ ገና የተጠራው በ1969 ነው። የተሰረቀ ድምፅ እንዲመለስለት የጮኸ ሕዝብ፣ ድምፅ መስጠቱን ራሱን ለ11 ዓመት አጣ።

ፒቡን የቀረ ዕድሜውን በጃፓን አሳለፈ። በ1960 ወደ ህንድ ተጉዞ፣ ቡድሃ ብርሃን አገኘበት በሚባለው በቦድጋያ፣ ባለው የታይ ገዳም መነኰሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ጃፓን ተመለሰ። ጁን 11 ቀን 1964 በሳጋሚሃራ በልብ ሕመም ሞተ። በሁለቱ ዘመናት ተደምሮ 15 ዓመት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ በአገሩ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ ሌላ የለም። አመዱ ወደ ታይላንድ ተመልሶ በባንግኬን በሚገኘው በዋት ፕራ ሲ ማሃታት ተቀመጠ። ይህን ቤተ መቅደስ ያሠራው የራሱ መንግሥት ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበለት ስም የዴሞክራሲ ገዳም የሚል ነበር።

ከእርሱ በኋላም ነገሩ አልተቋረጠም። በኤፕሪል 2006 የተደረገው ምርጫ በፍርድ ቤት ተሽሮ በሴፕቴምበር ጦሩ ሥልጣን ያዘ፤ በፌብሩዋሪ 2014 የተደረገውም እንዲሁ ተሽሮ በሜይ ታንኮች ወጡ። ምርጫ በተጠረጠረ ቁጥር የሰፈሩ በር የሚከፈትበት ልማድ የተጀመረው በአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ፒቡን ሁለቱንም ጫፍ፣ ገፊውንም ተገፊውንም ሆኖ አይቶታል። በራጃዳምኖን ጎዳና ሕገ መንግሥቱ በከፍታው ላይ፣ መድፎቹም በዙሪያው እንደ ተተከሉ ናቸው።