ሉዊ ፓስተርና የሁለቱ ክሪስታሎች ምስጢር

የሉዊ ፓስተር ስም ሲነሣ ለአብዛኞቻችን ፈጥኖ የሚታወሰን ያበደ ውሻ የነከሰውን ሰው ከሞት የሚያድነው ክትባት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአዲስ አበባም በስሙ የተጠራ የምርምር ተቋም ነበረ። ይሁን እንጂ ይህ ሊቅ ሐኪም አልነበረም፤ ወደ ሕሙማን አልጋ ያደረሰው ረጅም መንገድ የተጀመረው በጥቂት የጨው ክሪስታሎች ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፓስተር በታኅሣሥ ወር 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሌዎን ሠራዊት ያገለገሉ፣ በኋላም በቆዳ ፋቂነት ቤተ ሰባቸውን ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። በልጅነቱ የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን መልክ መሣል ይወድ ነበር፤ ጥቃቅን ልዩነትን የሚለይ ዐይን የሰጠው ይህ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዮር ተምሮ በ1847 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንትን ያስቸገረ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ከሚረጋው ዝቃጭ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ በውሃ ሟሙቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲያልፍበት፣ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ራሴሚክ አሲድ የተባለው አምሳያው ግን በተዋጽኦው ከእርሱ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ብርሃኑን አያዞርም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሚትቸርሊኽ የሁለቱ ጨዎች ክሪስታሎች በቅርጻቸውም አንድ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። ክሪስታል ማለት ቅንጣቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ነው፤ የገበታ ጨው በማጉያ መነጽር ሲታይ ሣጥን መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

የ25 ዓመቱ ወጣት በ1848 የራሴሚክን አሲድ ጨው አሟሙቶ፣ ውሃው ሲተን የቀሩትን ክሪስታሎች አንድ በአንድ መረመረ። በጥጋቸው ያለችው ትንሽ ገጽ በከፊሎቹ ወደ ቀኝ፣ በከፊሎቹ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። እንደ ሁለቱ እጆቻችን ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። በትዕግሥት ለቅሞ በሁለት ክምር ለያቸው። አሟሙቶ ሲፈትናቸው አንደኛው ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ አዞረ፤ እኩል ሲደባለቁ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ሻረ።

ይህን የብርሃን መዞር ለብዙ ዘመን ያጠኑት አረጋዊው ሊቅ ዣን ባቲስት ቢዮ ነገሩን በቀላሉ አልተቀበሉትም። ራሳቸው የፈተኑትን አሲድ ሰጥተው ወጣቱን በፊታቸው አሠሩት። ክሪስታሎቹን ከለየ በኋላም ወደ ግራ ያዞራል የተባለውን ራሳቸው አሟሙተው ተመለከቱ። በተባለው መሠረት ሆኖ ሲያገኙት እጅግ ተደሰቱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ደጋፊው ሆኑ። ይህ ደስታ በመጣበት በዚያው ዓመት ግን ፓስተር እናቱን በሞት አጣ።

በዚህ ግኝት ውስጥ እርሱ ያን ጊዜ ያልተረዳው ነገር ነበረ። ያ ጨው ቀኙና ግራው ተለያይተው ክሪስታል የሚሆኑት ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ተጣምረው ይደረደራሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በደብረ ማርቆስ ደጋ ይሳካል፤ ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ በቀትር ሐሩር ቢሞከር ግን የሚለቀም ቀኝና ግራ ባልተገኘም ነበር። የፓሪስ ቅዝቃዜ ረድቶታል፤ ያየውን ለማስተዋል ግን ቅዝቃዜው ብቻ አይበቃም ነበር።

ፓስተር ጥናቱን ወደ አሚኖ አሲዶች፣ ማለት ፕሮቲን ወደሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች አስፋፋ። ዴሴኝ የተባለ ኬሚስት አስፓርቲክ አሲድን በሰው ሠራሽ መንገድ ማግኘቱን ሲሰማ ወደ ቫንዶም ከተማ ሄዶ ናሙና ወሰደ፤ ከዕፅዋት ከሚገኘው በተለየ ብርሃን የማያዞር ሆኖ አገኘው። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ግራና ቀኝ ከሌለው ከግላይሲን በቀር ሰውነታችን ፕሮቲኖቹን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሁሉ የግራ ወገን ናቸው። ግላይሲንም ቢሆን አልፋ፣ ቤታና ጋማ የተባሉ ሦስት የክሪስታል ዓይነቶች አሉት፤ ጋማው ሲሞቅ ሳይቀልጥ ወደ አልፋ ይለወጣል። የመድኃኒት ሠሪዎች ለእንዲህ ያለው ለውጥ የሚጠነቀቁት የአንድ መድኃኒት አሟሟት በክሪስታሉ ዓይነት ስለሚለያይ ነው።

ከክሪስታል ወደ ተሕዋስያን ያሸጋገረውም ይኸው ነገር ነው። ሻጋታ ከራሴሚክ አሲድ ውስጥ ቀኙን መርጦ ሲበላ ግራውን እንደሚተወው አየ፤ ጥቃቅን ሕያዋን የሚሠሩትን መመርመርም የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

ኑሮው ያለ ኀዘን አልነበረም። ሦስት ሴቶች ልጆቹን ቀበረ፤ በ1868 ደግሞ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ሥራውን ግን አላቋረጠም። በ1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ዦዜፍ ማይስተርን ከተበ፤ ልጁም ዳነ። በ1888 በስሙ የተቋቋመው ኢንስቲትዩት በፓሪስ ተከፈተ። መስከረም 28 ቀን 1895 ዐረፈ፤ የቀብሩ ጸሎት በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ተደርሶ፣ ኋላ አስከሬኑ በኢንስቲትዩቱ ውስጥ ዐረፈ።

ሌሎች ያዩትን ጨው እርሱም አየ፤ እነርሱ ያለፏትን ትንሽ ገጽ ግን አላለፋትም። በትንሹ ነገር የታመነው ትጋቱ በመጨረሻ የሰው ሕይወት አዳነ።