ሚዛንና መዝገብ የያዙት ሐኪም፤ ዶክተር ኤልየት ጆስሊን

አንድን ወዳጃችንን ከብዙ ጊዜ በኋላ ስናገኘው ፊቱ ሞልቶ፣ ቦርጩም ወጣ ብሎ ያየነው እንደ ሆነ ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ውፍረት የጥጋብና የድሎት ምልክት ሆኖ ሲታይ የኖረው ግን በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። ይህንን አስተሳሰብ በቁጥር ከተከራከሩት ሊቃውንት አንዱ ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርበው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ኤልየት ጆስሊን ናቸው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ያስታውስልን።

ዶክተር ጆስሊን በ1869 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ወጣቱ ኤልየት በዬል ከተማሩ በኋላ ወደ ሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1895 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1893 ዓ.ም. የስኳር በሽታ የያዛትን አንዲት ወጣት ሴት መርምረው ሁኔታዋን በመዝገብ ጻፉ። ያ መዝገብ በዚያች ሴት አላበቃም፤ የሕመምተኞቻቸውን ዕድሜ፣ ክብደት፣ አመጋገብና መጨረሻ እያስከተሉ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ጻፉበት። በ1898 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ሥራቸውን ሲጀምሩም መዝገቡ ከእጃቸው አልተለየም።

ብዙ ሳይቆይ በሽታው ወደ ገዛ ቤታቸው ገባ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እናታቸው የስኳር በሽታ እንደ ያዛቸው ታወቀ፤ ልጅየውም የእናታቸውን ታሪክ ከሌሎች ሕመምተኞች ታሪክ ጋር በዚያው መዝገብ ጻፉ። በዚያን ዘመን ለዚህ በሽታ የሚዋጥም ሆነ የሚወጋ መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ የእናታቸውን ምግብ እየመጠኑ፣ ሰውነታቸው እንዲንቀሳቀስ እያደረጉ አስታመሟቸው፤ እናቲቱም ከ10 ዓመት በላይ በሕይወት ቆዩ። ይህ ለዶክተር ጆስሊን ትልቅ ትምህርት ሆናቸው።

ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬዴሪክ አለን የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም ሕመምተኛውን በጾምና በጣም ባነሰ ምግብ የማከም ዘዴ አስፋፉ። ዶክተር ጆስሊንም ይህንን ዘዴ ተቀብለው ሠሩበት። በ1916 ዓ.ም. ለሐኪሞች፣ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ለሕመምተኞች የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። ነገር ግን ዘዴው ለሁሉም እኩል አልሆነም። በጎልማሳነት ታመው ውፍረት የነበራቸው ሰዎች ሲከሱ ስኳሩ ከሽንታቸው ይጠፋ፣ ጉልበታቸውም ይመለስ ነበር። ከመጀመሪያውም ቀጭን የነበሩት ሕፃናት ግን ጥቂት ጊዜ ቢያተርፉም አጥንታቸው እስኪቆጠር ከስተው ይሞቱ ነበር።

በ1921 ዓ.ም. ዶክተር ጆስሊን የስኳር በሽታን ስለ መከላከል በአንድ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ጎን ለጎን ስለ ቆሙ ሦስት ቤቶች ይተርካል። በእነዚያ ቤቶች በተከታታይ ከገቡት ሰባት የቤተሰብ አለቆች መካከል ስድስቱ በስኳር በሽታ ሞተዋል፤ ሆኖም ወረርሽኝ ገባ ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ የሞቱት በታይፎይድ ወይም በሳንባ ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ የጤና ሹማምንት ሁሉ ይሯሯጡ እንደ ነበር ዶክተሩ አመለከቱ። ከዚያም መዝገባቸውን ገልጠው የአንድ ሺህ ሕመምተኞችን ክብደት ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው ከሚገባው ልክ ጋር አመዛዘኑ። ጎልማሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመታመማቸው በፊት ከልክ በላይ ወፍረው የነበሩ ሆነው አገኟቸው። ከዚህም የተነሣ፣ ውፍረትን የከለከለ ከስኳር በሽታ ብዙውን ይከለክላል ወደሚል ሐሳብ ደረሱ።

በዚያው ዓመት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ተገኘ። ነሐሴ 7 ቀን 1922 ዓ.ም. ዶክተር ጆስሊን ኢንሱሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት ነርስ ሰጡ። ይህች ሴት ከበሽታው ጋር ብዙ ዓመት ታግላ ክብደቷ ከ35 ኪሎ በታች ወርዶ፣ ከቤት መውጣት እንኳ ተስኗት ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ግን በእግሯ ረጅም መንገድ መሄድ ቻለች። እንግዲህ ለአንዱ መክሳት መዳኛ ሲሆን ለሌላው መክሳት ሞት ነበር። ምክንያቱን በ1936 ዓ.ም. ሐሮልድ ሂምስዎርዝ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም ግልጥ አደረጉት፤ አንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚያንሰው ሲሆን፣ ሌላው ግን ኢንሱሊን እያለው ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው ነው።

ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ብዙ ሐኪሞች የምግቡን ነገር ቸል ሲሉ ዶክተር ጆስሊን ሚዛናቸውን አልጣሉም። ሕክምናውን ሦስት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ይመስሉት ነበር፤ ፈረሶቹም ምግብ፣ ኢንሱሊንና የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው። ሕመምተኞችን እንደ ተማሪ ሰብስበው ያስተምሩ፣ ነርሶችንም ወደየቤቱ ይልኩ፣ በሽታውን ችለው ብዙ ዓመት ለኖሩትም ሜዳይ ይሸልሙ ነበር። እሳቸውም በልክ እየበሉ፣ እስከ እርጅናቸው እየሠሩ ኖረው ጥር 28 ቀን 1962 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

የተናገሩት ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ ይበልጥ ተረጋገጠ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ3,000 በሚበልጡ፣ ለበሽታው በተቃረቡ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት፣ ካልተመከሩት ይልቅ በበሽታው መያዛቸው ከመቶ 58 እጅ አነሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በብሪታንያ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታተመ፤ በጥናቱም ከታመሙ 6 ዓመት ያልሞላቸው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምተኞች ክብደታቸውን በጥብቅ እንዲቀንሱ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከልማ ከመቶ 86ቱ እንዲህ ሆኑ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትርፍ ስብ በጉበትና በቆሽት ሲከማች ጉበት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን ማመንጨት ይደክመዋል። ስቡ ሲቀልላቸው ሁለቱም ወደ ሥራቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ክብደቱ ተመልሶ ከመጣ ግን በሽታውም ተመልሶ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ሕመምተኛን ሁሉ በሆዳምነት እንዳይወቅስ እንለምናለን። በሽታው በዘር የሚከተል መሆኑ ታውቋል፤ ቀጭን ሰውም ይታመማል። ኢንሱሊን በማነስ ለታመመ ሰው መክሳት መድኃኒት አይሆነውም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለእኛ ለወንበር ሠራተኞችና ለተማሪዎች ከዶክተር ጆስሊን ሕይወት የሚተርፈን ምክር ከባድ አይደለም። ጠዋት ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ማታም ከወንበር ወደ ማዕድ የምንሄድ ከሆነ ቦርጫችን ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቀስ እያለ ስለሚወጣም አያስደነግጠንም። ያ ታላቅ ሐኪም ግን ከ60 ዓመት በላይ ቁጥር በመጻፍ ያሳዩን፣ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነገር የሚገልጠው በየጊዜው የተመዘነና የተጻፈ መሆኑን ነው። እንግዲህ በወር አንድ ቀን ሚዛን ላይ እንውጣና ቁጥሩን በማስታወሻችን እንጻፍ፤ ወላጆቻችን የስኳር በሽታ ያለባቸው እንደ ሆነ ደግሞ ሳንታመም ደማችንን እናስመርምር። ወዳጃችንንም ከብዙ ጊዜ በኋላ ስናገኘው ወፍረህ አምሮብሃል ከማለት ይልቅ፣ ጤናህ እንዴት ነው ብለን ብንጠይቀው የተሻለ ሰላምታ ይሆናል።