አባባ ተስፋዬ፣ የቴሌቪዥኑ ተረት ነጋሪ

ልጆች፣ ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ አባባ ተስፋዬን ነው። እስኪ ስማቸውን ለእማዬ ወይም ለአባዬ ንገሩና ፊታቸውን እዩ፤ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም!

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1923) ባሌ ውስጥ ነው። ካደጉ በኋላ የቴአትር ሰው ሆኑ። በዚያን ጊዜ ሴቶች መድረክ ላይ ብዙም ስለማይወጡ፣ እሳቸው ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደሮች ኮሪያ በዘመቱበት ጊዜም እዚያ ድረስ ሄደው አዝናንተዋቸዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1964) ነው። ሲ.ኤን.ኤን. እዚህ አትላንታ ከመከፈቱ 16 ዓመት ያህል ይቀድማል ማለት ነው! ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጣቢያውም አንድ ብቻ ነበር። ታዲያ ለልጆች ምን ይቅረብ? አባባ ተስፋዬ አያቶች ማታ ማታ እሳት ዳር የሚነግሩትን ተረት ይዘው መጡ። ድምፃቸውን አንዴ እንደ አንበሳ፣ አንዴ እንደ ጦጣ እየለዋወጡ ያወሩና መጨረሻ ላይ ምክሩን ያስረዳሉ። ልጆችም ስቱዲዮ ገብተው ተራ በተራ ተረት ይናገሩ ነበር።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሰፈር ልጆች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ያያሉ። አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡ፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያዩዋቸው የመሰላቸው ልጆች ብድግ ብለው እጅ ይነሱ ነበር!

እንዲህ እያሉ 42 ዓመት ያህል ሠሩ። ያኔ ተረት የሰሙ ልጆች አድገው፣ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ያዩዋቸው ነበር። ያረፉት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2017) በ94 ዓመታቸው ነው።

ልጆች፣ እኛ ዛሬ ጣቢያው ሞልቶልናል። ግን ብዙዎቻችሁ አያቶቻችሁን የምታገኟቸው በስልክ ነው፣ አይደል? ተረት ደግሞ ካልተነገረ ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ወላጆቻችሁን አንድ ተረት በአማርኛ ጠይቋቸው። ተረት ተረት ሲሏችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱም ይንገሯችሁ። ወላጆችም እባካችሁ ደክሞኛል አትበሉ!

ጥያቄ
1. አባባ ተስፋዬ ቴሌቪዥን ላይ ከመቅረባቸው በፊት ሥራቸው ምን ነበር?
2. የሰማችሁት ተረት ምን ያስተምራል? በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ንገሩን።