ዳን ፍላቪን

ዳን ፍላቪን (ኤፕሪል 1 ቀን 1933 – ኖቬምበር 29 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.) በፍሎረሰንት መብራት በሠራቸው የጥበብ ሥራዎች የታወቀ አሜሪካዊ አርቲስት ነበር። መብራቶቹ ማንም ከሱቅ የሚገዛቸው ተራ መብራቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ የብዙ ሥራዎቹን መታሰቢያነት ለሚወዳቸውና ለሚያደንቃቸው ሰዎች በስም አድርጓል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ፍላቪን በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በተባለው ክፍል፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ዴቪድ የሚባል መንትያ ወንድም ነበረው። ለቅስና ለመብቃት ብሩክሊን በሚገኝ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ትምህርቱን ትቶ እንደ ወንድሙ የአሜሪካ አየር ኃይልን ተቀላቀለ። በዚያም በአየር ጠባይ ባለሙያነት ሠልጥኖ ኮሪያ ውስጥ አገልግሏል።

በ1956 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። በጉገንሃይም ሙዚየም የደብዳቤ ክፍል፣ ቀጥሎም በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በጥበቃ ሥራ ተቀጠረ። እንደ ሶል ለዊትና ሮበርት ራይማን ያሉ ሠዓሊያንን የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ መብራት መዞር

ከ1961 ጀምሮ አምፖልና ፍሎረሰንት የተገጠመባቸው ስምንት ባለ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ሠራ። ለእነዚህም ከቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት ሥዕላት የተዋሰውን ስም ሰጣቸው። መንትያ ወንድሙ ዴቪድ በ1962 ሲሞት አራተኛውን፣ ነጭ ሣጥን ላይ ነጭ መብራት ያለበትን፣ ለእርሱ መታሰቢያ አደረገው።

ሜይ 25 ቀን 1963 ደግሞ አንድ ቢጫ ፍሎረሰንት ብቻ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ግድግዳ ላይ አኖረ፤ መታሰቢያነቱንም ለቀራጺው ኮንስታንቲን ብራንኩሺ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ መጠን የተሠሩ፣ በአብዛኛው ከ61 እስከ 244 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ መብራቶችን ተጠቀመ። የኒዮን መብራት በባለሙያ እጅ እንደ ተፈለገው የሚታጠፍ መስታወት ሲሆን፣ የፍላቪን መብራቶች ግን የቢሮና የመጋዘን መብራቶች ነበሩ።

መታሰቢያዎቹ

ብዙ ሥራዎቹን «ርእስ የሌለው» ብሎ ከሰየመ በኋላ በቅንፍ የሰው ስም ይጨምር ነበር። ከ1964 እስከ 1990 ለሩሲያዊው ቭላዲሚር ታትሊን 39 ነጫጭ ሐውልቶች አቁሟል። በ1966 አረንጓዴ ቀለምን ይሸሽ ለነበረው ሠዓሊ ፒት ሞንድሪያን በአረንጓዴ መብራት ብቻ የተሠራ ሥራ አበረከተ። በ1973 ደጋፊው ለነበረው ለሃይነር ፍሪድሪክ፣ አድናቆትና ፍቅር የሚሉ ቃላትን በርእሱ ያካተተ ረጅም የአረንጓዴ መብራት አጥር ሠራ። ውሻው እንኳ አልቀረችም፤ በ1981 የሠራው አንድ ሥራ በስሟ ይጠራል።

በ1992 በጉገንሃይም ሙዚየም ክብ አዳራሽ መካከል እስከ ጣሪያው የሚደርስ የሮዝ መብራት ዓምድ አቆመ። ሥራው የዕድሜ ልክ ፍቅርን ለማክበር ለትሬሲ ሃሪስ የተበረከተ ነበር። ሁለቱም የተጋቡት ፍላቪን በወጣትነቱ ደብዳቤ ሲያመላልስበት በነበረው በዚሁ ተቋም ውስጥ ነው።

የመጨረሻ ሥራውና ውርሱ

ፍላቪን ከስኳር በሽታ ጋር በተያያዘ ችግር በ63 ዓመቱ አረፈ። ቅስናን የተወው ሰው የመጨረሻ ዕቅዱን ያወጣው ለሚላኖ ከተማ ኪየሳ ሮሳ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሥራው ከሞቱ በኋላ በ1997 ተፈጸመ።

የፍላቪን መብራቶች ሲቃጠሉ በሌላ ይተካሉ፤ ስለዚህ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚበሩት አብዛኞቹ እርሱ የገጠማቸው አይደሉም። ፍሎረሰንት ሜርኩሪ ስላለበት በብዙ አገሮች ከገበያ እየወጣ በመሆኑ፣ ምትክ ማግኘት ለሙዚየሞች አሳሳቢ ሆኗል። ከመብራቱ ጋር የማይለወጠው በየርእሱ የተጻፈው የሰው ስም ነው።